ለታኅሣሥ ተጓዦች፦ ቲየን ሙ ፓጎዳ በጀምበር ግባት

ውድ አባላት፣

በታኅሣሥ በቬትናሟ ሁዌ ከተማ ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር 11፡20 ገደማ ስለሆነ 10 ሰዓት ላይ ፓጎዳው (የቡድሂስቶች ቤተ መቅደስ) ግቢ ውስጥ ሁኑ። ለጀምበሯ ብቻ አስባችሁ ከደረሳችሁ ጓሮው ይጨልምባችኋል። እዚያ ያለችው ሰማያዊ ኦስቲን መኪና በ1963 እ.ኤ.አ. ለተቃውሞ ራሱን በእሳት ያቃጠለውን መነኩሴ ቲች ኳንግ ዱክን ድርጊቱን ወደፈጸመበት የሳይጎን መንታ መንገድ የወሰደችው ናት፤ በደንብ በብርሃን ልትታይ ይገባታል።

በ1844 እ.ኤ.አ. የተሠራው ባለ ሰባት ደርብ ግንብ ስምንት ማዕዘን አለው፤ ቁመቱ 21 ሜትር ያህል ነው። ሙሉውን ለማየት ደረጃውን ወርዳችሁ ከወንዙ ዳር ቁሙ።

ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ልበሱ፤ አዳራሹ ደጃፍ ላይ ጫማ ይወልቃል። መነኮሳቱ ሲጸልዩ ፎቶ ባይነሳ እንመርጣለን።

በሽቶ ወንዝ ላይ በጀልባ የምትመጡ፣ ጉዞው ዘገምተኛ ስለሆነ በጊዜ ተነሡ። የደርሶ መልስ ዋጋውንና ጀልባው የሚጠብቅበትን ሰዓት ሳትሳፈሩ ተስማሙ፤ አለዚያ ሲመሽ መመለሻ ታጣላችሁ።