የ1926ቱ ሕዝበ ውሳኔ ስለ አድማ ነበር

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

በ1926 እ.ኤ.አ. በአውስትራሊያ ስለከሸፈው ሕዝበ ውሳኔ ያወጣችሁትን ዘገባ አንብቤ ደሜ ፈላ። ማዕከላዊው መንግሥት ውኃውን፣ መብራቱንና መጓጓዣውን ሊያሻሽል ሥልጣን ቢጠይቅ ሕዝቡ ጥቅሙን ሳይረዳ እምቢ አለ ትላላችሁ። ስለ አድማ ግን አንድ መስመር እንኳ አልጻፋችሁም። የነገሩ ሁሉ መነሻ እኮ አድማ ነው!

ለድምፅ የቀረበው ሐሳብ ቧንቧ ስለ መዘርጋት አያወራም። አስፈላጊ አገልግሎት ሲቋረጥ፣ ወይም ሊቋረጥ ነው ተብሎ ሲሠጋ፣ የሕዝቡን ጥቅም የማስጠበቅ ሥልጣን ለፌዴራል መንግሥቱ ይሰጠው ነው የሚለው። አቋራጩ ማን እንደሆነ ያን ጊዜ የማያውቅ አልነበረም። በ1925 የብሪታኒያ መርከበኞች ከወር ደመወዛቸው አንድ ፓውንድ ቢቀነስባቸው በአውስትራሊያ ወደቦች ሥራ አቆሙ። የጠቅላይ ሚኒስትር ስታንሊ ብሩስ መንግሥት የአገሩን የመርከበኞች ማኅበር መሪዎች፣ ቶም ዋልሽንና ጃኮብ ጆንሰንን፣ አስሮ ከአገር ሊያባርር ሲል ከፍተኛው ፍርድ ቤት አስፈታቸው። በሴፕቴምበር 1926 ተጨማሪ ሥልጣን ስጡኝ ብሎ ሕዝብ ፊት የቆመው ይኸው መንግሥት ነው። ታዲያ መብራት ሊያስገባላቸው መሰላችሁ?

የደገፈው 42.79 በመቶ ብቻ ነበር። እምቢ ያለው ሁሉ ለሠራተኛው ተቆርቁሮ ነው አልልም። የክፍለ ግዛቶቻችን ሥልጣን አይነካ ያሉ ነበሩ፤ ሌበር ፓርቲም ተከፋፍሎ ነበር፤ በኒው ሳውዝ ዌልስና በኩዊንስላንድ እንዲያውም ደጋፊው በልጧል። ይህን ሁሉ ክርክር ነው በአላዋቂነት የደመደማችሁት።

እኔ ሜልበርን ውስጥ አውቶቡስ ነጂ ነኝ። የመጨረሻው ፌርማታ ላይ ለሽንት እንኳ ፋታ የማይሰጥ የሥራ ፕሮግራም ወጣብን። በደብዳቤ ለምነን መልስ ስናጣ ሥራ አቆምን። በዚያ ሰሞን ከቅዳሴ ስወጣ አንድ የአገሬ ሰው «አሮጊቶቹን ብርድ ላይ ገትራችሁ፣ እግዚአብሔርን አትፈሩም?» አለኝ። ዜናውም ስለተጉላላው መንገደኛ እንጂ ስለ እኛ ትንፍሽ አላለም። እዚህ ያለን ኢትዮጵያውያን ብዙዎቻችን ታክሲና አውቶቡስ እንነዳለን፣ አረጋውያንን እናጥባለን፣ የሆስፒታል ወለል እንወለውላለን። አገልግሎት የምትሉት በእኛ ወገብ የሚሠራውን ነው። በገዛ ቋንቋችን የሚጻፍ ዘገባ እንዴት እኛን ይረሳል?

እርማት አውጡ። የመርከበኞቹን አድማና የማባረሩን ሙከራ ጨምራችሁ፣ ዘገባው በወጣበት ገጽ ላይ፣ በዚያው የፊደል መጠን።

ከአክብሮት ጋር፣
አውቶቡስ ነጂ፣ ከሜልበርን