የአካባቢ ጥበቃ ክበብ የ2017 ዘገባ፦ ቀድሞ የነገራቸው ነበር?

የክበባት ዘገባ ሲባል ምን እንደሚጠበቅ አውቃለሁ። ይህን ያህል ችግኝ ተተከለ፣ ርዕሰ መምህሩ ንግግር አደረጉ፣ ፎቶ ተነሳን። ችግኝ ተክለናል። ፍየል በላው። (በአጥሩ ቀዳዳ የሚገባው ፍየል የማን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ አልጽፈውም።) ስለዚህ ዘንድሮ የሠራነውን ሌላውን ነገር ልንገራችሁ።

ነገሩ የጀመረው ትምህርት ሳይከፈት ነው። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ ላይ የደረሰው የመሬት ናዳ ከ200 በላይ ሰው ጨረሰ። ከሞቱት ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት ሮጠው የደረሱ ጎረቤቶች ናቸው፤ እየቆፈሩ ሳለ ሁለተኛው ወረደባቸው። መስከረም ላይ ክበቡ ሲሰበሰብ እዚህ ደሴ ጦሳ ተራራ ሥር የምትኖር የ10ኛ ክፍል ተማሪ እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ ሁለተኛው እንደሚመጣ የሚነግራቸው አልነበረም?» አለች። መልስ አልነበረኝም። ጥያቄው ግን ዓመቱን ሙሉ ሥራ ሆነን።

የዓለም ካርታ አዋጥተን ገዛንና ሚኒ ሚዲያው በር ላይ ለጠፍነው። ዓለም ላይ አንድ ነገር በደረሰ ቁጥር ልጆቹ ካርድ ይሰቅላሉ። ካርዱ ላይ አራት ጥያቄ አለ፦ ምን ሆነ፣ ለምን ሆነ፣ ቀድሞ የነገራቸው ነበር ወይ፣ ከተነገራቸውስ አመኑ ወይ። ሦስተኛውና አራተኛው ላይ ነው ጭቅጭቁ።

የመጀመሪያው ትልቅ ካርድ ቫሌንሲያ ነው። ጥቅምት 19 ቀን ስፔን ውስጥ ቱሪስ በምትባል ከተማ በ24 ሰዓት 771.8 ሚሊ ሜትር ዝናብ ወረደ። ከሜዲትራኒያን ባሕር የተነሳ ሞቃት እርጥበት ከላይ ከተቀመጠ ቀዝቃዛ አየር ጋር ሲገናኝ የሚፈጠር ዶፍ ነው፤ ባሕሩ ደግሞ ከወትሮው ሞቆ ነበር። ቁጥሩ ብቻውን ለልጆቹ ምንም አላላቸውም። ከዚያ አስላነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነው፤ ስለዚህ በእያንዳንዷ ካሬ ሜትር ላይ ከ38 በላይ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በአንድ ቀን ተደፋ ማለት ነው። ውሃ በጀሪካን ለሚቀዳ ልጅ ይሄ ይገባል። ክፍሉ ጸጥ አለ፣ ከዚያ ከኋላ አንዱ «ወላሂ ደሴ ብትሆን ቦርከና እኛን ይዞን አፋር ይገባል» አለ።

ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ግን ተጣሉ። የስፔን ሚቲዎሮሎጂ ድርጅት በዚያው ቀን ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ገደማ ቀይ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ለሕዝቡ ስልክ የተላከው የአደጋ ጊዜ መልእክት የደረሰው ደግሞ ከምሽቱ 2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ላይ ነው። ያኔ ስንቱ ሰው መኪናው ውስጥና ምድር ቤት ገብቶ ሰምጦ ነበር። ከ220 በላይ ሰው ሞተ። ታዲያ ተነግሯቸዋል ወይስ አልተነገራቸውም? ግማሹ «አዎ» ግማሹ «አይ» አለ፤ ካርዱ ላይ «ቢሮ ያውቃል፣ ሰፈር አያውቅም» ብለው ጻፉ። እኔ አልነካሁትም።

ታኅሣሥ 5 ቀን ማዮት የምትባለውን የሕንድ ውቅያኖስ ደሴት ቺዶ የሚባል አውሎ ነፋስ መታት። እዚያ ማስጠንቀቂያው በጊዜው ደርሷል። ግን ብዙ ወረቀት የሌላቸው ስደተኞች አሉ፣ በቆርቆሮ ቤት የሚኖሩ፤ ወደ መጠለያ ኑ ሲባሉ ይዘው ሊያባርሩን ነው ብለው የቀሩ ነበሩ። አራተኛው ጥያቄ የገባቸው እዚህ ጋ ነው።

የገና ዕለት ደግሞ ሎስ አንጀለስ መቃጠል ጀመረች። ሁለት ክረምት በደንብ ዘንቦ ቁጥቋጦውና ሳሩ አደገ፣ ከዚያ ለወራት ጠብ ሳይል ቀረና ደረቀ፣ በላዩ ላይ ኃይለኛ ነፋስ መጣ። ከ16,000 በላይ ቤትና ሕንፃ ወደመ። «አሜሪካም?» የሚለው ጥያቄ አንድ ሳምንት ፈጀብን።

በዚያው ሰሞን የአዋሽ ፈንታሌ የመሬት መንቀጥቀጥ ነበር፤ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ከአፋርና ከኦሮሚያ ቀዬውን ለቀቀ። ልጆቹ ካርታው ላይ እንስቀለው አሉ። ይሄ ከአየር ንብረት ጋር አይገናኝም፣ ከመሬት ሥር የሚንቀሳቀስ ቅልጥ አለት ነው ብዬ ለብቻው ጥግ ሰጠሁት። አኮረፉ። ይሁን።

ባኩ ስለተደረገው 29ኛው የአየር ንብረት ጉባኤ ብዙ አልልም። ሀብታሞቹ አገሮች ለድሆቹ የምንሰጠውን እስከ 2035 በዓመት 300 ቢሊዮን ዶላር እናደርሳለን አሉ፣ ድሆቹ 1.3 ትሪሊዮን ብለው ነበር። ዓመቱን በፈረንጅ 2024 ብለን ብንቆጥረው ደግሞ በዓለም ሚቲዎሮሎጂ ድርጅት ስሌት ምድር ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት ከነበረችበት በ1.55 ዲግሪ ገደማ ሞቃ ውላለች፣ ከተመዘገበው ሁሉ የባሰው ዓመት ነው። የፓሪሱ ስምምነት ሙቀቱ ከ1.5 ዲግሪ እንዳያልፍ የሚለው ግን የአንድ ዓመትን ሳይሆን የረጅም ጊዜ አማካይን ነው፤ ፈተና ላይ ይመጣል፣ ያዙት።

ከሁሉ ያወራነው የካቲት ላይ ስለ ደቡብ ሱዳን ነው። ጁባ ውስጥ ተማሪዎች ከሙቀቱ የተነሳ ክፍል ውስጥ ራሳቸውን እየሳቱ ይወድቁ ጀመር፤ መንግሥት አገር አቀፍ ትምህርት ለሁለት ሳምንት ዘጋ። ባለፈው ዓመትም ዘግተው ነበር። ብዙዎቹ ክፍሎች ቆርቆሮ ናቸው። ከቆላዋ ባቲ የመጣ ተማሪያችን ተነስቶ ቆርቆሮ ሥር በቀትር መማር ምን እንደሚመስል ሲናገር የደሴ ልጆች ጃኬታቸውን እንደለበሱ ሰሙት።

ከዚያ ወደ ወሎ መጣን፤ መምጣታችን አይቀርም ነበር። የ77 ድርቅ እንዲያው ከሰማይ የወረደ ይመስላቸዋል። መጋቢት 1976 የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ከ5 ሚሊዮን በላይ ሰው እርዳታ ይሻል ብሎ ለዓለም ጥሪ እንዳቀረበ ነገርኳቸው። ዓለም የተነቃነቀው ጥቅምት 1977 ነው፣ የኮረም ምስል በቴሌቪዥን ከታየ በኋላ። ኮረም ያኔ ወሎ ናት። መካከል ላይ ሰባት ወር ገደማ አለፈ። ያቺው የጦሳዋ ልጅ ካርድ ጽፋ አመጣች፤ «ተነግሯል» የሚለው ላይ ምልክት አድርጋ፣ አራተኛውን ጥያቄ ሰርዛ «ማን አመነ?» ብላ ቀይራዋለች። ካርታው ላይ ያለው የድሮ ካርድ እሱ ብቻ ነው።

በዚህ ተነስተን ልጆቹ በየሰፈራቸው አንድ ጥያቄ ይዘው ዞሩ፦ ናዳ ሊመጣ ነው ብትባሉ ማን ቢነግራችሁ ትወጣላችሁ? የስልክ መልእክት ያለ ሰው ማግኘት አስቸግሯቸዋል፤ የሎተሪና የጥቅል ማስታወቂያ መስሎን አናነበውም ነው የሚሉት። ሼኹ ወይም ቄሱ ያሉ ብዙ ናቸው። በጣም የተደጋገመው ግን የእድር ጡሩንባ ነው። ለፋፊው ከነፋ ማንም ቤቱ አይቀመጥም። አንድ የእድር ሊቀመንበር አባባ ልጆቹን ቡና አጠጥተው «እስከ ዛሬ ሰው ከሞተ በኋላ ነው የምንነፋው፤ ሳይሞት ንፉ የሚለን ከተገኘ ምን ገዶን» ብለዋቸዋል። ጥሩ ነጥብ ነው። ታዲያ ለጡሩንባው ማን ይንገረው?

ለዚህ ነው የዝናብ መለኪያ የሠራነው። ሃይላንድ ቆርጠን፣ አፉን ገልብጠን እንደ ማንቆርቆሪያ አጥልቀን፣ ማስመሪያ ለጥፈንበታል። በጀት አልጠየቅንም (ብንጠይቅም)። የሃይላንዱ ታች ጎድጓዳ ስለሆነ የማስመሪያው ዜሮ ድረስ ውሃ እንሞላና ከዚያ በላይ ያለውን እናነባለን። በየጠዋቱ 3 ሰዓት ይነበባል፣ መዝገብ ላይ ይጻፋል። ሃይላንዱ ናዳ አይተነብይም፤ ሦስት ቀን ተከታትሎ ሲዘንብ ግን ስንት እንደዘነበ በቁጥር መናገር ያስችላል፣ «ብዙ ነው» ከማለት ይሻላል። በልግ ላይ ጀመርነው። ከደላንታ የመጡት ልጆች እነሱ ጋ በልግ ከቀረ ገብስ እንደሌለ ስለሚያውቁ አንድ ቀን አልዘለሉም፤ የከተማዎቹን ግን እየለመንኩ ነው።

ዓመቱ ሲያልቅ አንድ ደስ የሚል ካርድ አገኘን። ስዊዘርላንድ ብላተን የምትባል መንደር አለች። ከበላይዋ ያለው ተራራ ሲሰነጠቅና የበረዶ ግግሩ ሲንሸራተት ባለሙያዎች እየለኩ ነበር፤ ግንቦት 11 ቀን 300 የሚሆነውን ነዋሪ ውጡ አሉት። ወጣ። ከብቶቹም ወጡ፣ የተጎዳች ላም በሄሊኮፕተር ተንጠልጥላ ሄዳለች (ይህን ፎቶ ያላየ ተማሪ ግቢው ውስጥ የለም)። ግንቦት 20 ግግሩ ተንዶ መንደሯን ቀበራት። የሞተው አንድ ሰው ብቻ ነው። መንደሯ ግን የለችም። አራቱም ጥያቄ የተመለሰበት ካርድ ይሄ ብቻ ነው።

በዚያው ወር ፓርላማ ፌስታል የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል፤ ሱቃችንን እናያለን።

ክረምቱን መለኪያውን የሚያነቡት ለትምህርት ቤቱ ቅርብ የሆኑት ልጆች ናቸው፤ ተራው ሚኒ ሚዲያው በር ላይ ተለጥፏል። መዝገቡ ዘበኛው ጋሼ ጋ ነው። ጠዋት 3 ሰዓት ካለፈ አይሰጧችሁም፣ ነግሬያቸዋለሁ።