ለውዷ ወዳጄ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ

ውዷ ወዳጄ፣

እንደምን ከረምሽ? ልጆቹ፣ ባለቤትሽ፣ ቤቱ ሁሉ ደኅና ነው? ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጠፋሁብሽ። እናቴን ከቀበርን በኋላ ስልክሽ ሲጠራ እያየሁ ያላነሣሁባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። ቅያሜ ኖሮኝ አይደለም፤ የአንቺን ድምፅ ስሰማ ልቅሶዬ እንደ አዲስ እንዳይነሣ ፈርቼ ነው። ይቅር በይኝ።

ዛሬ የምጽፍልሽ ስለ ልጅሽ ሰምቼ ነው። ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ ወንድምሽን አገኘሁት። የመጀመሪያው ዓይነት የስኳር በሽታ እንደተገኘባትና ኢንሱሊን እንደጀመረች ሲነግረኝ አንጀቴ ተላወሰ። ይበልጥ ያስጨነቀኝ ግን ከዚያ የቀጠለው ነው፤ የ8ኛ ክፍል ፈተና ከተቃረበ ወዲህ ስኳሯ አልወርድ ብሎ እንዳስቸገረ፣ አንቺም «ተደብቃ ከረሜላ ትበላለች» ብለሽ ቦርሳዋን እንደምትፈትሺ፣ እሷም እያለቀሰች እንደምትምልልሽ። እኅቴ ሙች፣ ልጅቷን እመኛት።

የእኔ ሁለተኛው ዓይነት ቢሆንም ከዚህ ሕመም ጋር 11 ዓመት ኖሬያለሁ። በእናቴ ልቅሶ በሦስተኛው ቀን ድንኳን ውስጥ እንደተቀመጥኩ ራሴን አዞረኝ። ጓዳ ገብቼ ጣቴን ወጋሁ፤ እጄ ቀዝቅዞ ስለነበር ደሙ አልወጣ ብሎኝ ደጋግሜ ጨመቅኩት። መለኪያው 312 አለ፤ በጣም ከፍ ያለ ቁጥር ነው። ከጠዋት ጀምሮ የቀመስኩት እፍኝ የማይሞላ ንፍሮና ስኳር የሌለው ሻይ ነበር፤ መድኃኒቴንም አላቋረጥኩም። በሳምንቱ ክሊኒክ ስሄድ ግን የቀረበልኝ የመጀመሪያ ጥያቄ «ምን በልተሽ ነው?» የሚል ነበር። ከቁጥሩ ይልቅ ያ ጥያቄ አሳመመኝ።

ኋላ አንድ ሐኪም ጊዜ ወስደው አስረዱኝ። ለሰውነታችን ልቅሶውም፣ ፈተናውም፣ ጅብ ፊት መቆሙም አንድ ነው፤ ለሩጫ ወይም ለትግል ይሰናዳል። አድሬናሊንና ኮርቲሶል የሚባሉት ሆርሞኖች ይበዛሉ፤ ጉበት ያከማቸውን ስኳር ወደ ደም ይለቃል፤ የደሙን ስኳር የሚያወርደው ኢንሱሊንም እንደ ወትሮው አይሠራም። የጤነኛ ሰው ቆሽት ወዲያው ተጨማሪ ኢንሱሊን አመንጭቶ ያስተካክለዋል፤ የልጅሽ ግን አይችልም። ስለዚህ አንዲት ከረሜላ ሳትቀምስ ስኳሯ ሊወጣ ይችላል። ትኩሳትና የጎደለ እንቅልፍም እንዲሁ ያደርጋሉ። እኔ ማታ 130 ሆኜ ተኝቼ፣ ሌሊቱን ምንም ሳልቀምስ፣ ጠዋት 170 ሆኜ የምነሣበት ቀን አለ፤ ንጋት ላይ ሰውነት ለመንቃት ሲሰናዳ ጉበት ሥራውን ይጀምራላ።

ደግሞ የስኳር ዕቃውን ቆልፈሽበታል አሉ። እባክሽ ክፈቺው! ባለፈው ዓመት ቤት ስንቀይር ዕቃ ስሸከም ውዬ ላብ አጠመቀኝ፣ ጉልበቴ ከዳኝ፣ ከንፈሬ ደነዘዘ። ስለካ 58 ነበር። ልጄ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ ባያጠጣኝ ምን እሆን እንደነበር አላውቅም። ከ15 ደቂቃ በኋላ ስንለካ 84 ደረሰ። የልጅሽ ስኳር ከ70 በታች ሲወርድ የሚያተርፋት ያው የቆለፍሽበት ስኳር ነው። ቦርሳዋ ውስጥም ከረሜላ ይኑር፤ አንቺው ግዢላት።

ኢንሱሊኑን በምንም ምክንያት አታቋርጪባት፤ ምግብ አልበላም ባለች ቀንም ቢሆን ሐኪሟን ሳትጠይቂ አትተዪው። ስኳሯ ከ250 በላይ ሆኖ ካስመለሳት፣ ሆዷን ካመማት ወይም አተነፋፈሷ ከፈጠነ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ውሰጃት፤ አይነጋም እንዴ ብለሽ አትጠብቂ። ከዚህ ውጭ ቁጥሩ ከፍ ባለ ቁጥር «ምን በላሽ?» ከማለትሽ በፊት «እንዴት ዋልሽ?» በያት።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር አንድ ደብተር ልኬላታለሁ። ቁጥሩን ስትጽፍ ከጎኑ የዚያን ቀን ውሎዋን አብራ ትጻፍ፤ ፈተና፣ ጉንፋን፣ ከጓደኛ ጋር ጠብ፣ ረጅም መንገድ፣ ምንም ይሁን። የመጀመሪያውን መስመር እንዳይከብዳት እኔ ሞልቼላታለሁ። ዛሬ ይህን ደብዳቤ ከመጀመሬ በፊት 127 ነበርኩ። አሁን 161 ሆኛለሁ፤ በመካከሉ የጠጣሁት ውሃ ብቻ ነው። ከጎኑ «ለእናትሽ ስጽፍ» ብዬበታለሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት እደውላለሁ። እንደ እኔ አትሁኚ፣ አንሺው።

የዘወትር ወዳጅሽ