ማስክ ማድረግ እምነት ማጣት አይደለም፦ ደብዳቤ ለልጄ

አዲስ አበባ፣ ሚያዝያ 15 ቀን 2012 ዓ.ም.

ልጄ፣ እንዴት ሰነበትሽ? እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሰሽ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አያትሽም ደህና ናት፣ በየቀኑ ታነሳሻለች።

የላክሽውን መልእክት ደጋግሜ አነበብኩት። በዚህ የኮሮና ወረርሽኝ አብራሽ አረጋውያንን የምታስታምመው ልጅ "እኔ መዝሙር 90ን ደግሜ ነው የወጣሁት፣ ማስክ ምን ያደርግልኛል?" ብላሻለች። አንቺ ደግሞ "አባዬ፣ እኔ ጓንት ደርቤ፣ እጄን እስኪላጥ ታጥቤ ነው የምውለው። እምነት የለኝም ማለት ነው?" ብለሽ ጠየቅሽኝ። በስልክ ላይ ቆመን የምንጨርሰው ጉዳይ ስላልመሰለኝ ጻፍኩልሽ።

መዝሙር 90 የቤታችን ጸሎት ነው። አያትሽ "በልዑል መጠጊያ የሚኖር" ሳትል ደጅ ወጥታ አታውቅም። ግን ይህን መዝሙር ሌላ ማን እንደጠቀሰው አስታውሺ። ጌታ በገዳመ ቆሮንቶስ 40 ቀን ጾሞ ሰይጣን ሊፈትነው መጣ። ከቤተ መቅደስ ጫፍ አቁሞ "ራስህን ወደ ታች ወርውር፣ መላእክት በእጃቸው ያነሡሃል" አለው። ቃሉን የወሰደው ከዚያው ከመዝሙር 90 ነው። ጌታም መዝሙሩን አልካደም። "ጌታን አምላክህን አትፈታተነው" ብሎ መለሰለት። አልዘለለም።

ስለዚህ መዝሙሩንም ድገሚ፣ ማስክሽንም አድርጊ። ሁለቱ አይጣሉም። ደግሞ ማስኩ ላንቺ ብቻ መች ሆነና? የምታጎርሻቸው፣ የምታገላብጫቸው አሮጊቶችና ሽማግሌዎች ጉንፋን እንኳ የሚጥላቸው ናቸው። አንቺ ወጣት ነሽ፣ በሽታው ሳይሰማሽ ይዘሽው ልትገቢ ትችያለሽ። "ባልንጀራህን እንደ ራስህ ውደድ" የሚለው ትእዛዝ ሜሪላንድ ውስጥ፣ አንቺ ሺፍት ላይ፣ ዘንድሮ ይህን ይመስላል። ለባልደረባሽም በፍቅር ንገሪያት። እምነቷን አትንቀፊባት፣ ታማሚዎቿን ብቻ አሳስቢያት።

በሦስተኛው መቶ ዓመት እስክንድርያ ላይ ከባድ ወረርሽኝ ወርዶ ነበር። የከተማው ሊቀ ጳጳሳት ዲዮናስዮስ በዚያ መከራ ውስጥ ሆኖ ለፋሲካ መልእክት ጻፈ። ብዙ ክርስቲያኖች ለራሳቸው ሳይሳሱ በሽተኞችን እንዳስታመሙና አብረዋቸው እንደሞቱ ይናገራል። የእኛ ቤተ ክርስቲያን ጳጳሳቷን ለብዙ ዘመን ያገኘችው ከዚያች መንበር ነው፤ እነዚያ ሰዎች አባቶችሽ ናቸው ማለት ነው። እነሱ ጓንት አልነበራቸውም። በሽታው በምን እንደሚተላለፍም አያውቁም ነበር። አንቺ ታውቂያለሽ። የእነሱን ፍቅር ያዢ፣ ያልነበራቸውንም ጓንት አጥልቂ።

አያትሽን የቤተ ክርስቲያን በር መዘጋቱ ይጎዳታል ብዬ ሰግቼ ነበር። ቅዱስ ሲኖዶስ ምእመናን በየቤታችሁ ጸልዩ ማለቱን ስነግራት ዝም ብላ ቆየችና "እናቴ የህዳር በሽታን አይታለች። ያኔ ቀባሪ ጠፍቶ ነበር። ቀባሪ ከሚጠፋ በር ይዘጋ" አለችኝ። 1911 ዓ.ም. ህዳር ላይ የገባው ያ በሽታ አዲስ አበባን ባዶ ሊያስቀር ምንም አልቀረው። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪም ታመው ነው የተረፉት። ህዳር 12 ቆሻሻ ሰብስበን ሰፈሩን የምናጥነው ከዚያ ወዲህ ነው ይባላል። ዘንድሮ ደግሞ ካህናቱ ጥና ይዘው ዋና ዋናውን መንገድ ሲያጥኑ አየን። አያትሽ በመስኮት አይታ አለቀሰች።

ሰሞነ ሕማማትን ቤት ውስጥ ነው የሰገድነው። ሳሎኑ ጠባብ ስለሆነ ሶፋውን ወደ ግድግዳ ገፋሁት። ዓርብ ቀኑን ሙሉ በቴሌቪዥን እየተከተልን ሰገድን። አያትሽ ወንበር ይዛ ነበር። እሷን የከበዳት የፋሲካው ቅዳሴ ነው። ዲያቆኑ "ተአምኁ በበይናቲክሙ በአምኃ ቅድሳት" ሲል፣ በተቀደሰ ሰላምታ እርስ በርሳችሁ ተሳሳሙ ሲል፣ ያው እንደለመደችው ወደ ጎን ዞረች። ጎኗ ማንም የለም። እኔ ከወዲያኛው ጥግ ነኝ። እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ጎንበስ አልኩላት፣ እሷም ጎንበስ አለችልኝ። ልጄ፣ በዕድሜዬ እንደዚያ ከልቤ ተሳልሜ አላውቅም።

ግቢው ጭር ብሏል። ቡና ጠጡ የለም። ለቅሶ ሲኖርም እድሩ ድንኳን አይጥልም፣ ሐዘንተኛ ብቻውን ይቀመጣል። ይሄ ያመኛል። የእኛ ሰው ሐዘኑን የሚችለው ሰው ከቦት ነውና። ልብስ የምታጥብልን ሴትዮም ሰው ሁሉ ቤቱን ስለዘጋባት ሥራ የላትም። ከዶሮው ከፍለን፣ ዘይትና ዱቄት ጨምረን በሯ ላይ አስቀመጥንላት። የወር ክፍያዋንም ሳትመጣ እየላክንላት ነው። አንቺ ከምትልኪው ላይ መሆኑን እወቂው።

ፍርሃትሽን በተመለከተ፣ መፍራት ኃጢአት አይደለም። ጌታ በጌቴሴማኒ "ነፍሴ እስከ ሞት ድረስ እጅግ አዘነች" ብሎ ለደቀ መዛሙርቱ ነግሯቸዋል። አልደበቀም። አንቺም ለእኔ አትደብቂ። በሌሊት ሺፍት ያረፉት ሴትዮ ልጆቻቸው መግባት ተከልክለው፣ እጃቸውን ይዘሽ የቆየሽው አንቺ ብቻ እንደነበርሽ ጽፈሽልኛል። በላስቲክ ጓንት መያዝሽ ቆጭቶሻል። አይቆጭሽ። "ታምሜ ጠየቃችሁኝ" ያለው ጌታ ያን እጅ ያውቀዋል። ቤተ ክርስቲያን ሳልሄድ ፋሲካ አለፈ ያልሽውንም ከዚህ ጋር አስቢው።

ብቻ እንቅልፍሽን አትቀንሺ። ትርፍ ሰዓት ሁልጊዜ አትቀበዪ፤ እኛ ያለን ይበቃናል። ከሥራ ስትመለሺ ልብስሽን በር ላይ ቀይሪ። እህል ሳትቀምሺ አትተኚ።

አያትሽ አንድ ነገር አደራ ብላሻለች። የምታስታምሚያቸውን ሰዎች ስም ላኪልኝ፣ ጠዋት ጠዋት በጸሎት አስባቸዋለሁ ብላለች። የፈረንጅ ስም መጥራት ይከብድሻል ስላት "እግዚአብሔር ያርመዋል" አለችኝ። ስማቸውን ማውጣት በሥራሽ ክልክል ከሆነ ቁጥራቸውን ብቻ ንገሪያት። እሑድ ለዳግማይ ትንሣኤ ስትደውይ ትጠይቅሻለችና አዘጋጅተሽ ጠብቂ።

አባትሽ