ሽጉጥ ያስታጠቃችሁት ልጅ ባዶ እጁን ነው

ክቡር አዘጋጅ፦

ባለፈው ቅዳሜ ስለ ቪዲዮ ጌምና ስለ ወጣቱ ያወጣችሁትን፣ ጌም ልጆችን ተኩስ ያስለምዳል የሚለውን ባለ ሙሉ ገጽ ዘገባ ያላየ ሰው ያለ አይመስለኝም። እኛ ቤትማ የእህቴ ባል ገጹን ፎቶ አንስቶ የቤተሰቡ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለጥፎት፣ ቀኑን ሙሉ ሲያነጋግር ነው የዋለው። ስለዚህ ዘገባውን ከሀ እስከ ፐ አልተርክም። ቀጥታ ወደ ሥዕሉ ልሂድ።

ከገጹ አናት ላይ ያወጣችሁት ሥዕል፣ ጥቁርና ግራጫ ጫካ ውስጥ ዓይኖቹ ብቻ የሚያበሩ ትንሽ ልጅ ያለበት፣ ሊምቦ ከተባለው ጌም የተወሰደ ነው። ከሥሩ ደግሞ ተጫዋቹ ጠላቶቹን እየተኮሰ በመግደል ነጥብ የሚሰበስብበት ጌም ነው ብላችሁ ጻፋችሁ። እንግዲህ ሊምቦ ውስጥ ተጫዋቹ የሚተኩሰው ነገር የለም። ነጥብም የለም። አንዲት አጭር መግለጫ ውስጥ ሁለቱንም መሳት ራሱን የቻለ ችሎታ ይጠይቃል። ምናልባት ሕትመቱ ላይ አንድ ክላሽ ደብዝዞብኝ ይሆናል ብዬ ሥዕሉን አጉልቼ ደጋግሜ አየሁት። ልጁ ባዶ እጁን ነው።

ነገሩን ለማያውቁ ባጭሩ ላስረዳ። ሊምቦ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ፣ ፕሌይዴድ የተባለ የኮፐንሃገን ስቱዲዮ የሠራው ጌም ነው። አንድ ልጅ እህቱ ምን እንደደረሰባት ሳያውቅ ጨለማ ጫካ ውስጥ ይገባል። የሚችለው ነገር መሄድ፣ መዝለል፣ መንጠልጠልና ዕቃ መጎተት ብቻ ነው። ቡጢ እንኳ አልተሰጠውም። የሚያወራ ሰው የለም፤ እንዲህ አድርግ የሚል ጽሑፍም አይመጣም። ሙዚቃውም አለ ከማለት የለም ማለት ይቀላል። የምትሰሙት ንፋስ፣ ውኃና የልጁን ኮቴ ነው። እኔ የማመሸው ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ስለሆነ ከዚህ ሁሉ ጋር የጎረቤት ጄኔሬተርም ይጨመርበታል። አንዳንዴ የትኛው የጌሙ የትኛው የሰፈሩ እንደሆነ ይጠፋኛል።

መጀመሪያ አካባቢ አንዲት ግዙፍ ሸረሪት አለች። መንገዱ ላይ ቁጭ ብላለች። ልጁ ሲጠጋት የሾለ እግሯን አንስታ ትወጋዋለች፤ አለቀ። ደግሞ ይነሳል፤ ደግሞ ትወጋዋለች። ክላሹን ማውጣት ነው ትሉኝ ይሆናል፤ ዘጋቢያችሁ ብቻ ያዩትን ክላሽ። እሱ ስለሌለ ተጫዋቹ ቆም ብሎ ዙሪያውን ያያል። ዛፍ ላይ ጥርስ ያለው የብረት ወጥመድ ተሰቅሏል። ሸረሪቷ መሬቱን በወጋች ቁጥር ዛፉ ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ ጠጋ ብሎ ማስቆጣት፣ ወዲያው መሸሽ። ወጥመዱ ይወድቃል። ከዚያ ጎትቶ እግሯ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ማስቀመጥና እንደገና ማስቆጣት ነው። በገዛ ጉልበቷ ወጥመዱ ላይ ትረግጣለች። እኔ ይህን እስክደርስበት ድረስ ሻዬ ቀዝቅዞ ነበር። ሲገባኝ ብቻዬን ጮህኩ። ባለቤቴ ምን ሆንክ ብላ ከመኝታ ቤት መጣች። ሸረሪት አልኳት። ጫማ ይዛ ተመለሰች።

አሁን ሚዛናዊ ልሁን። ጌሙ ሞት የለበትም አልልም። ሞት ሞልቶታል። ልጁ በመጋዝ፣ በውኃ፣ በወጥመድ ይሞታል፤ አሟሟቱም ያሰቅቃል። ሌሎች ልጆች ያሳድዱታል፣ ወጥመድ ያጠምዱለታል። ያቺ ሸረሪትም መጨረሻዋ አያምርም። ዘጋቢያችሁ ይህ ጌም ለሕፃናት አይሆንም ብለው ቢጽፉ ኖሮ ፊርማዬን አብሬ አኖርላቸው ነበር። እሳቸው ግን ያሉት ይህን አይደለም። ግድያው ነጥብ ያስገኛል ነው ያሉት። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ነጥብ ካለ መግደል ሥራ ይሆናል፤ ብዙ የገደለ ያሸንፋል። እዚህ ግን የሚቆጥርልህ የለም። የሚሞተው በአብዛኛው አንተ ነህ፤ ስትሞት ጌሙ ትንሽ ወደ ኋላ ይመልስህና እስቲ አሁን አስብ ይልሃል።

የአንድ ሥዕል መግለጫ ይህን ያህል ምን ያስጮሃል የሚል አንባቢ ይኖራል። ሥራዬ ኢንሹራንስ ውስጥ ነው፤ የካሳ ክፍል። አንድ ደንበኛ የተገጨች መኪናውን ካሳ ሲጠይቅ የጎረቤቱን መኪና ፎቶ ቢያያይዝ ፋይሉን እመልስበታለሁ። መኪናው በእውነት ተገጭቶ ሊሆን ይችላል። ግን ያቀረበው ማስረጃ የሱ አይደለም። እናንተም እንዲያ ነው ያደረጋችሁት። ዘገባው ጌም ልጆችን ተኩስ ያስለምዳል ይላል፤ ለማስረጃ ያያያዛችሁት ደግሞ ተጫዋቹ የማይተኩስበትን ጌም ነው።

በነገራችን ላይ፣ ዘገባው ጌም የሚጫወቱት ሥራ የፈቱ ወጣቶች ናቸው ይላል። እኔ ጠዋት ፊርማ፣ ማታ ፊርማ ነኝ። ሠላሳዎቹን ካጋመስኩ ቆይቻለሁ። ወጣት ስላላችሁኝ ግን አመሰግናለሁ።

ደግሞ ዘጋቢያችሁ የት የት ሄዱ? ዘገባው እንደሚለው ፕሌይስቴሽን ቤቶች ነው። እዚያ ያዩት የኳስ ጌም ነው፤ ልጆች በሂሳብ ተወራርደው ሲጫወቱ። በዚህ አልከራከራቸውም። ከትምህርት ቤት ቀርቶ እዚያ የሚውል ልጅ ችግር ነው፣ አጠገቡ ያለው የውርርድ ቤትም የባሰ ችግር ነው። እዚህ ላይ ዘገባው ልክ ነው። ግን ከዚያ ወጥተው ጌም የሚባለውን ሁሉ አንድ ጆንያ ውስጥ ከተቱትና አሰሩት። ማታ ሥራ ውሎ ገብቶ፣ ልጅ አስተኝቶ፣ ጆሮ ማዳመጫ ሰክቶ በአሮጌ ላፕቶፕ እንቆቅልሽ የሚፈታ ሰው እዚህ ከተማ ውስጥ እንዳለ አልጠረጠሩም። አለን። ብዙ ነን አልልም፤ ግን እንተዋወቃለን፣ ፍላሽ እንዋዋሳለን፣ እንቆቅልሹ ሲያቅተን መፍትሔውን ሳይሆን ፍንጭ ብቻ ስጠኝ እንባባላለን። አንዷ ጓደኛችን ነርስ ናት። አንዱ ሒሳብ አስተማሪ ነው። ቢጠይቁት ደስታውን አይችለውም ነበር፤ የጠየቀው ግን የለም።

ከቻላችሁ ሪተርን ኦፍ ዘ ኦብራ ዲን የተባለውን ተመልከቱልኝ። ሉካስ ፖፕ የሚባል ሰው ነው የሠራው፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ወጣ። ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1807 ነው። ጠፍታ የነበረች መርከብ ሰው አልባ ሆና ወደብ ትመጣለች። ተሳፍረውባት የነበሩት 60 ሰዎች ምን ሆኑ? ይህን የሚያጣራው ማን መሰላችሁ፤ የኢንሹራንስ መርማሪ! የኢስት ኢንዲያ ካምፓኒ፣ የዘመኑ የእንግሊዝ ንግድ ድርጅት፣ ሰው። ለኔ የተሠራ ጌም ነው ብል አይፈረድብኝም። ቀን የማደርገውን ማታ ደግሜ አደርገዋለሁ፤ ልዩነቱ ማታ የሚቆጣኝ ደንበኛ አለመኖሩ ነው።

አስከሬን ስታገኙ አንዲት ሰዓት ታወጣላችሁ። ከመሞቱ በፊት የነበረው ድምፅ ይሰማል። ከዚያ የሞተባት ቅጽበት እንደቆመች ትታያለች፣ በጥቁርና በነጭ ነጠብጣብ ብቻ ተስላ። ውስጧ ትዞራላችሁ። ማን ነው? እንዴት ሞተ? ማን ገደለው? ይህን መዝገብ ላይ መሙላት ነው። ሟቾቹ ስማቸውን አይነግሯችሁም። ማን ያውራ የነበረ፣ ማን ያርዳ የቀበረ ነው ነገሩ። አንዱን መርከበኛ ያወቅኩት ከተንጠልጣይ አልጋው ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ከተሳፋሪዎቹ ዝርዝር ጋር ይገጥማል። ሌላውን ከአነጋገሩ፣ ሌላውን ከልብሱ። በግምት እንዳትሞሉት ደግሞ ጌሙ የሦስት ሰው መልስ ትክክል እስኪሆን ድረስ አያረጋግጥላችሁም። ይህን አሠራር ለሥዕል መግለጫ ጸሐፊዎቻችሁም ብታመጡት አልጠላም።

ወደ ቤተሰቤ ልመለስ፤ ጉዳቱ የደረሰው እዚያ ነውና። የእህቴ ባል ገጻችሁን ሲለጥፈው ከሥሩ «አየሽው ልጅሽ የሚጫወተውን?» ብሎ ለእህቴ ጻፈላት። ልጁ ሊምቦን ነክቶት አያውቅም። ገና ነህ ብዬ የከለከልኩት እኔ ራሴ ነኝ። አብረን የምንጫወተው ማሺናሪየም ነው። አማኒታ ዲዛይን የተባለ የቼክ ስቱዲዮ እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣው። የዛገች ከተማ ውስጥ የሚኖር ጆዜፍ የሚባል ትንሽ ሮቦት አለ። ሰውነቱ እንደ ሁኔታው ይረዝማል፣ ያጥራል። ገጸ ባሕርያቱ በቃል አያወሩም፤ ሐሳባቸው ጭንቅላታቸው ላይ በሥዕል ይታያል። ሁሉም ነገር በእጅ የተሳለ ነው። ልጁ እያንዳንዱን ቧንቧና ብሎን ሲመረምር ለማየት ብቻ ከጎኑ እቀመጣለሁ።

እዚያ ጌም ውስጥ መተኮስ አለ፤ አልደብቅም። ዘጋቢያችሁ ይህን ቢያገኙት ኖሮ ገጹን ይሞሉበት ነበር። እንቆቅልሹ ሲያቅታችሁ መልሱን የያዘች መጽሐፍ አለች፤ እሷ ግን ተቆልፋለች። ለመክፈት አንዲት ቁልፍ እያበረራችሁ ሸረሪት የምትተኩሱባት አሰልቺ ጨዋታ መጨረስ አለባችሁ። ሆን ተብላ የተሠራች አሰልቺ ናት። ማሰብ ለሰለቸው ሰው የተዘጋጀች ቅጣት! የእህቴ ልጅ እሷን ላለመጫወት ሲል ሙሉ ቅዳሜውን ከአንድ እንቆቅልሽ ጋር ሲታገል አይቻለሁ።

አሁን ላፕቶፑ ቁምሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። ቁልፉ አባቱ ኪስ ነው። ሲጠየቅ የሚያሳየው ጋዜጣችሁን ነው። እናቴም ደወለች። «ልጄ፣ አንተም ማታ ማታ ሰው ስትተኩስ ነው እንዴ የምታመሸው?» አለችኝ። ሸረሪቷን፣ ወጥመዱን፣ መርከቧን አስረዳኋት። ዝም ብላ ሰማችኝና «ታዲያ ጋዜጣ ይዋሻል?» አለች። እዚህ ላይ መልስ አጠረኝ። እናቴ የታተመ ነገር ሁሉ እውነት ነው ብላ የምታምን ትውልድ ናት። ይህን አመኔታ በነፃ ነው ያገኛችሁት፤ ትንሽ ጠበቅ አድርጋችሁ ብትይዙት።

ሌላም አለ። ጌም የውጭ ገንዘብ ያባክናል የምትለዋ አንቀጽ። እነዚህን ጌሞች የገዛልኝ ሜሪላንድ ያለው የአክስቴ ልጅ ነው፤ በራሱ ካርድ፣ ያውም ዋጋ ሲቀንስ ጠብቆ። እኔ ያባከንኩት ነገር ቢኖር የሱን ትዕግሥት ነው። በየወሩ ደውዬ ቅናሽ ጀመረ ወይ እለዋለሁ።

ዘጋቢያችሁ ፕሌይስቴሽን ቤት መሄድ ከወደዱ እንኳ እዚያው ማሽን ላይ የሚሠራ ጆርኒ የሚባል ጌም ነበረላቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ። በረሃ ውስጥ ብቻህን ስትሄድ ሌላ ተጫዋች ያጋጥምሃል። መናገር አትችሉም፤ እንደ ዜማ ያለች ድምፅ ብቻ ታሰማላችሁ። መጎዳዳትም አትችሉም፣ ብትፈልጉም። ስሙን የምታየው ጌሙ ካለቀ በኋላ ነው። ሙዚቃው በማጀቢያ ሙዚቃ ዘርፍ ለግራሚ ሽልማት የታጨ የመጀመሪያው የቪዲዮ ጌም ሙዚቃ ነው። ይህም ከዘገባው ቀረ። ለውርርድ ስለማይመች ይሆናል።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። እርማት አውጡ። የመጨረሻው ገጽ ጥግ ላይ፣ ከጨረታ ማስታወቂያ ሥር ሳይሆን እዚያው ገጽ ላይ፣ ሥዕሉን ባወጣችሁበት መጠን። ጽሑፉን ላግዛችሁ፦ ልጁ መሣሪያ የለውም፤ ጌሙ ነጥብ አይቆጥርም። በቃ፣ ይኼው ነው። ከወጣ በኋላ ለእህቴ ባል ፎቶ አንስቼ የምልክለት እኔ ነኝ።

ዘጋቢያችሁም ፈቃደኛ ከሆኑ ላፕቶፔን ይዤ ቢሮአችሁ ድረስ እመጣለሁ። ሸረሪቷን ራሳቸው ይሞክሯት፤ አልረብሻቸውም፣ ፍንጭም አልሰጣቸውም። ባትሪው ስለሞተ ግን ሶኬት አጠገብ ወንበር አዘጋጁልን።

አንባቢያችሁ፣
ከጀሞ፣ አዲስ አበባ