ከርቀቱ ጎን ከፍታውም ይጻፍ

ይድረስ ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል አባላት፤

ባቡር መሄድ ባቆመባቸው መስመሮች ላይ ሐዲዱ ተነሥቶ ስለተሠሩት የእግርና የብስክሌት መንገዶች፣ በተለይም ቅጠል በሚረግፍበት ወቅት ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ ሊጓዝባቸው ስለመቻሉ ያወጣችሁትን ጽሑፍ በደስታ አነበብሁ። መንገዶቹ ከመኪና የራቁና ለጀማሪ የሚመቹ ናቸው በተባለው እስማማለሁ። ይሁን እንጂ ጽሑፉ «መንገዱ ሜዳ ነው» ብሎ በአንድ ቃል ያለፈው ጉዳይ፣ ልጅ ይዞ ለሚወጣ ሰው ከሁሉም በላይ የሚያስፈልገው ስለሆነ ጥቂት ልጨምርበት።

የባቡር መስመር ሜዳ የሚመስለው ስለተደለደለ ነው እንጂ በእርግጥ ሜዳ ሆኖ አይደለም። የብረት ጎማ በብረት ሐዲድ ላይ ሲሽከረከር የሚገጥመው ሰበቃ አነስተኛ በመሆኑ ባቡር ከባድ ጭነት በጥቂት ጉልበት ይጎትታል፤ ነገር ግን ይኸው የሰበቃ ማነስ ዳገት ላይ ጎማውን ያንሸራትተዋል። ስለዚህ መሐንዲሶቹ ኮረብታውን ሰንጥቀው፣ ሸለቆውን በአፈር ሞልተው፣ ሲያስፈልግም ተራራውን በስተው፣ የመስመሩ ተዳፋት በአብዛኛው በ100 ሜትር ከ2 ሜትር እንዳይበልጥ ያደርጉ ነበር። እንዲህ ያለውን ተዳፋት ዓይን አይለየውም፤ እግር ይለየዋል፣ እሱም ዘግይቶ። በ100 ሜትር 1 ሜትር ብቻ የሚወርድ መንገድ በ10 ኪሎ ሜትር ውስጥ 100 ሜትር ያወርዳል፤ ይህም ከ30 ፎቅ ሕንፃ አናት እስከ ምድር ቤት ያለውን ቁመት ያህላል። ልጁ ግን መውረዱን ሳያውቅ ጉልበቱን እያደነቀ ይጋልባል።

ችግሩ የሚገለጠው ሲመለሱ ነው። ሲሄድ ከሁሉም ቀድሞ ይበር የነበረው ልጅ በየጥቂት ደቂቃው እግሩን መሬት ያስነካል። አባት ፍሬኑ ጎማውን ይዞት ይሆናል ብሎ ብስክሌቱን ይገለብጥና ጎማውን በእጁ ያሽከረክረዋል፤ ጎማው ያለ እንከን ይዞራል። እናት በበኩሏ ልጁ ስላልበላ ነው ትላለች። እንዲህ ያሉ ቤተሰቦች በእነዚህ መንገዶች ላይ ብርቅ አይደሉም፤ ዳገት እየወጡ መሆኑን የሚጠረጥር ግን ከመካከላቸው እምብዛም አይገኝም።

በአሜሪካ ከፒትስበርግ እስከ ከምበርላንድ 240 ኪሎ ሜትር ያህል የሚዘልቀው የ«ግሬት አሌጌኒ ፓሴጅ» መንገድ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ከከምበርላንድ የተነሣ ሰው 40 ኪሎ ሜትር እንኳ ባልሞላ ርቀት ውስጥ ከ500 ሜትር በላይ ወጥቶ፣ 729 ሜትር ከፍታ ላይ ያለውን፣ ውኃ ወደ ሁለት አቅጣጫ የሚከፈልበትን የተራራ መስመር ያቋርጣል፤ ከዚያ ወዲያ ግን እስከ ፒትስበርግ በጥቅሉ ቀስ ያለ ቁልቁለት ነው። መንገዱ አንድ ሆኖ ሳለ ከየትኛው ጫፍ እንደተጀመረ ብቻ ጉዞው ሌላ ይሆናል።

ቀኑ ረጅም በሆነበት ወቅት ግማሽ ሰዓት መዘግየት ብዙም አይጎዳም። ቅጠል በሚረግፍበት ጊዜ ግን፣ ከምድር ወገብ ርቀው በስተሰሜን ባሉ አገሮች፣ በጥቅምት አጋማሽ ገደማ ፀሐይ ከ2 ሳምንት በፊት ከነበረው ከ20 ደቂቃ በላይ ቀድማ ትጠልቃለች። የደከመ ልጅ፣ የሚመሽ ቀንና እርጥብ ቅጠል በአንድነት የሚገናኙት እንግዲህ በመልሱ ጉዞ ላይ ነው። ቅጠሉ ይበልጥ የሚያሰጋው ኮረብታው በተሰነጠቀበት ቦታ ነው፤ ግራና ቀኙ ገደል ስለሆነ ፀሐይ አይደርስበትም፣ ነፋስም አይጠርገውም፣ ስለዚህ በአፈር ሙሊቱ ላይ ያለው ደርቆ ሲንኮሻኮሽ እዚያ ያለው ረጥቦ ይከርማል። ፍሬን መያዝ የሚገባው ወደዚያ ከመግባት በፊት ነው። (ባቡሩም በዘመኑ በዚሁ ይቸገር ነበር፤ ጎማ የጨፈለቀው ቅጠል ሐዲዱን ሙልጭልጭ ያደርገዋልና።)

የባቡር ዋሻ ያለበት መንገድ ደግሞ መብራት ይፈልጋል። በአሜሪካ፣ በዊስከንሲን ግዛት ከኤልሮይ እስከ ስፓርታ በሚዘልቀው፣ በ1967 (እ.ኤ.አ.) በተከፈተው መንገድ ላይ ካሉት 3 ዋሻዎች ረጅሙ ከ1 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ውስጡ ጨለማ ነው፣ ከጣሪያውም ውኃ ይንጠባጠባል፣ ተጓዡም ወርዶ ብስክሌቱን እየገፋ እንዲያልፍ ይመከራል።

«መኪና የሚቆምበት ቦታ በላይኛው ጫፍ ብቻ ከሆነስ?» የሚል ይኖር ይሆናል። እንዲህ ከሆነ የመመለሻውን ነጥብ በኪሎ ሜትር ሳይሆን በሰዓት መወሰን ይሻላል፤ ለጉዞው ከተመደበው ጊዜ ሲሶው እንዳለቀ መመለስ፣ ልጆቹ «ገና ነን» ቢሉም። ምርጫ ካለ ግን ከታችኛው ጫፍ ተነሥቶ ዳገቱን በጠዋት ጉልበት መጨረስ ነው።

ስለዚህ ወደፊት እንዲህ ያለ መንገድ ስታስተዋውቁ ከርቀቱ ጎን የሁለቱን ጫፎች ከፍታ፣ በመካከልም ከሁለቱ የሚበልጥ ቦታ ካለ እሱን ጨምራችሁ እንድታወጡ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ቁጥሩን ማግኘት አያስቸግርም፤ የባቡር ድርጅቶች የየጣቢያውን ከፍታ ይመዘግቡ ስለነበር፣ በአንዳንድ አሮጌ የጣቢያ ሕንፃዎች ግድግዳ ላይ ዛሬም ተጽፎ ይነበባል።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ