ለውበት ሳሎን ደንበኞቻችን፦ የታማኝ ደንበኛ ካርድ ከማሳተማችሁ በፊት

ጉዳዩ፦ «10 ጊዜ ለተሠራች 11ኛው በነፃ» የሚለውን ካርድ ይመለከታል

ውድ ደንበኞቻችን፣

ከፒያሳ፣ ከአራት ኪሎ፣ ከካዛንቺስና ከሜክሲኮ አካባቢ ፀጉር ቤቶች በብዛት ከሚመጡልን ትዕዛዞች አንዱ ይህ ነው፦ በፊቱ የሳሎኑ ስም፣ በጀርባው ዐሥር ባዶ ክብ፣ ከሥሩ «11ኛው በነፃ» የሚል ጽሑፍ። ማተሙ አይከብድም። የሚከብደው ከታተመ በኋላ ያለው ሂሳብ ነው፤ ብዙዎቻችሁም «ለትንሽ ሳሎን ያዋጣል ወይ?» ብላችሁ ትጠይቁናላችሁ። ደንበኛዋ ከወዲሁ ደጋግማ የምትመጣበት ቤት ከሆነ ያዋጣል። ወንበሩ ባዶ ሆኖ ሰው ይጠራልናል ተብሎ ከታሰበ ግን አያዋጣም፤ ለዚያ ካርዱን ባታሳትሙ ይሻላል። እኛ አታሚዎቹ ይህን ማለታችን ቢያስገርምም፣ ሳሎኑ ሳጥን ውስጥ ተከምሮ የቀረ ካርድ ይዞ ሁለተኛ አያዝዘንም።

ሂሳቡን በምሳሌ እንየው፤ የራሳችሁን ዋጋ ተክታችሁ ሥሩት። እጥበትና ፔስትራ (ፀጉርን በፎንና በብሩሽ ማስተካከል) 500 ብር ነው እንበል። ሠራተኛዋ 40 በመቶ የምትወስድ ከሆነ 200 ብር የእሷ ነው። ሻምፑ፣ ኮንዲሽነር፣ ዘይት፣ ውሃና መብራት 75 ብር ቢፈጅ ለቤቱ 225 ብር ይቀራል፤ ኪራዩም ግብሩም የሚወጣው ከዚህ ላይ ነው። (ቫት ተመዝጋቢ ሆናችሁ 500ው ቫትን የሚጨምር ከሆነ መነሻችሁ 435 ብር ገደማ ነውና ከዚያ ጀምሩ።) ደንበኛዋ ዐሥር ጊዜ ስትመጣ ለቤቱ 2,250 ብር ይቀራል። 11ኛውን በነፃ ስትሠሯት የሠራተኛዋ 200 እና የዕቃው 75፣ በድምሩ 275 ብር ከኪሳችሁ ይወጣል። ይህ ከተረፋችሁ ላይ 12 በመቶ ያህል ነው። ካርዱን «5 ጊዜ ለተሠራች 6ኛው በነፃ» ብታደርጉት ግን የተረፋችሁ 1,125 ብር ነው፣ የሚወጣው ያው 275። ሩቡ ሄደ ማለት ነው።

በሩ ላይ የሚለጠፈው «ለሁሉም 10 በመቶ ቅናሽ» የሚለው ፖስተርስ? ከ500 ላይ 50 ብር ብቻ ስለሆነ ቀላል ይመስላል። ሠራተኛዋ ድርሻዋን በሙሉው ዋጋ የምታስብ ከሆነ ግን 50ው ሙሉ በሙሉ ከ225ቱ ላይ ይነሳል፤ 22 በመቶ መሆኑ ነው። ከዐሥሩ ካርድ በእጥፍ ሊጠጋ ይወደዳል፣ ያውም ዛሬ ገብታ ነገ ለማትመለሰው ጭምር። ፖስተሩንም የምናትመው እኛ ነን፤ ቢሆንም ከሁለቱ አንዱን ምረጡ ብትሉን ካርዱን እንላለን።

አሁን ብዙ ካርድ የሚበላሽበት ቦታ ላይ እንቆይ፤ እሱም የሠራተኛዋ ኮሚሽን ነው። ደንበኛዋ ነፃዋን ልትወስድ ስትመጣ የሠሪዋ ድርሻ ማን ይከፍላል? የሳሎኑ ባለቤት «ዛሬ ገንዘብ አልገባም፣ ስለዚህ ፐርሰንት የለም» ካለች ሠራተኛዋ አንድ ሰዓት ተኩል በነፃ ልትቆም ነው። እንግዲህ የሚሆነውን መገመት አይከብድም፦ ካርድ የያዘችው ደንበኛ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ትጠብቃለች፣ ሌላዋ ትቀድማታለች፣ ፎኑ ቶሎ ቶሎ ይነፋል፣ ጫፉ ሳይስተካከል «አለቀልሽ» ይባላል። በዐሥር ጊዜ የተገነባው መተማመን በዚያው በስጦታው ቀን ይፈርሳል። ከዚያም ሠራተኞቹ ራሳቸው ማኅተም መምታት «እየረሱ» ይመጣሉ፤ እያንዳንዱ ክብ ወደ ነፃ ሥራ እንደሚያቀርባቸው ስለሚያውቁ። ስለዚህ የነፃው ቀን ድርሻ እንደ ማንኛውም ቀን በሙሉው ዋጋ ይከፈል፣ በዕለቱ ደብተር ላይም «በካርድ» ተብሎ ይጻፍ። ይህን መክፈል የማይችል ቤት ስጦታውን ያሳንስ እንጂ ወጪውን ወደ ሠራተኛዋ አይግፋ።

ስጦታውን ማሳነስ ይቻላል፣ እንዲያውም የተሻለ ነው። በነፃ ፔስትራ ፋንታ በ10ኛው ጉብኝት ላይ ቅንድብ ወይም ትሪትመንት መጨመርን አስቡ። 100 ብር የምታስከፍሉት ቅንድብ ቢሆን የሠራተኛዋ 40 ብርና ጥቂት የክር ወይም የምላጭ ወጪ ብቻ ነው የሚወጣው፤ ደንበኛዋ ግን የ100 ብር ነገር አገኘች። ከዚህ በላይ ጥቅሙ ግን የዚያን ቀን ፔስትራዋን ከፍላ መሠራቷ ነው። ከዚህ በፊት ሞክራው የማታውቀውን አገልግሎት መምረጣችሁም አይከፋም፤ ከወደደችው በሚቀጥለው ወር ከፍላ ትጠይቃለች።

ስንት ክብ ይሁን? ይህ በአገልግሎቱ እንጂ በልማድ አይወሰን። እጥበትና ፔስትራ ወይም ቢጎዲን (ፀጉርን በመጠቅለያ ጠቅልሎ ማድረቅ) የምትሠራ ደንበኛ በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት አንዴ ትመጣለች፤ ዐሥር ክብ ከሁለት ወር ተኩል እስከ አምስት ወር ባለው ጊዜ ይሞላል፣ ተስፋ አያስቆርጥም። ጄል ጥፍር በሁለት ወይም በሦስት ሳምንት ይታደሳል፤ ለሱ 6 ክብ ይበቃል። ሹሩባና ሂውማን ሄር (የሚቀጠል የሰው ፀጉር) ግን ሳምንታት ይቆያል። ለእነሱ ዐሥር ክብ ማለት ከዓመት በላይ መጠበቅ ነው፤ ካርዱ ቦርሳ ውስጥ ተጨማዶ ይጠፋል። ለእነዚህ 3 ወይም 4 ክብ አድርጉ፣ አለዚያም ካርዱን ትታችሁ «ስትፈቺው እጥበቱ በእኛ» በሏት። ፀጉሯን ለማስፈታት ወደ ሌላ ቤት እንዳትሄድ የሚያደርጋት ይህ ነው።

ፀጉር በሚያለሰልሰው ኬሚካል በሪላክሰርና በቀለም ላይ ማኅተም እንዳትመቱ እንለምናችኋለን። ሪላክሰር የሚነካው አዲስ የበቀለውን ሥር ብቻ ነው፣ ያውም ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቆይቶ። ደንበኛዋ ክቡን ለመሙላት ብላ በአራተኛው ሳምንት ብትመጣ ኬሚካሉ ቀድሞ በለሰለሰው ፀጉር ላይ ይደራረባል፤ ፀጉሩ ከመካከሉ መበጠስ ይጀምራል፣ የራስ ቆዳዋም ሊቃጠል ይችላል። ያን ጊዜ ተወቃሹ ሳሎኑ ነው። ካርዱ ላይ «ኬሚካል ያለባቸውን አገልግሎቶች አይጨምርም» የሚል አንድ መስመር እናስገባላችኋለን፣ ለጽሑፉ ተጨማሪ ክፍያ የለውም።

ክቦቹን በተመለከተ አንድ የሚጠቅም ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2006 ጆሴፍ ኑኔስ እና ዛቪዬር ድሬዝ የተባሉ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት በአንድ የመኪና እጥበት ቤት ለግማሾቹ ደንበኞች 8 ክብ ያለው ካርድ፣ ለግማሾቹ ደግሞ 10 ክብ ኖሮት 2ቱ ቀድመው የተመቱበት ካርድ ተሰጣቸው። ሁለቱም ቡድኖች የቀራቸው 8 ነው። የመጀመሪያውን ካርድ 19 በመቶ፣ ሁለተኛውን 34 በመቶ የሚሆኑት ሞልተውት ተመለሱ። ስለዚህ ዐሥር ጉብኝት ከፈለጋችሁ 12 ክብ አሳትሙና ካርዱን ስትሰጧት 2ቱን እዚያው ምቱላት። ወጪ የለውም።

ስጦታው መቼ ይወሰድ የሚለውም መጻፍ አለበት። የእንቁጣጣሽ፣ የገና፣ የጥምቀት፣ የፋሲካና የኢድ ዋዜማ ወንበራችሁ ከማለዳ እስከ ማታ ተሞልቶ ነው የሚውለው። ያን ቀን የነፃ ካርድ ስትቀበሉ የምትከፍል ደንበኛ በር ላይ ትመልሳላችሁ፤ ጉዳቱ 275 ብር ብቻ ሳይሆን ከዚያ ሌላ የቀረባችሁ ገቢም ነው። «ከሰኞ እስከ ረቡዕ፣ ከበዓል ዋዜማ ሳምንት ውጪ» ብላችሁ ወስኑ። 55 ቀን በሚቆየው ዐቢይ ፆም ሠርግ ስለማይኖር የሙሽራ ሥራ ይቆማል፤ በረመዳንም ለሙስሊም ደንበኞቻችሁ እንዲሁ። የተጠራቀመ ስጦታ ማስወጣት ያለባችሁ ያኔ ነው። ከፋሲካ በኋላ ሠርግ ሲጀምር እንደገና ትጣበባላችሁ።

ስለ ሙሽራ ካነሳን፣ ሙሽራዋ ካርድ አያስፈልጋትም፤ አንዴ ነው የምትመጣው። ከእሷ ጋር የሚመጡት ሚዜዎች ግን በሁለት ሳምንት ውስጥ ፀጉራቸውን የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። ለእያንዳንዷ 2 ክብ የተመታበት ካርድ በእጇ ስጧት።

ወደ ካርዱ ወረቀት እንምጣ፤ ይህ የኛው ሙያ ነው። መጠኑ 8.5 በ5.5 ሴንቲ ሜትር ይሁን፣ የኪስ ቦርሳ ኪስ ውስጥ ይገባል። ወረቀቱ በካሬ ሜትር 300 ግራም የሚመዝን ይሁን። ብዙዎቻችሁ «ውሃና ዘይት እንዳያበላሸው ሁለቱንም ፊት ላሚኔት አድርጉልን» ትላላችሁ። ተውት። ላሚኔት በሆነ ፊት ላይ የማኅተም ቀለም አይደርቅም፤ በአውራ ጣት ሲነካ ይጠፋል፣ ደንበኛዋም «ስምንት ነበረኝ» ስትል ማስረጃ የለም። የስሙን ፊት ብቻ ላሚኔት አድርገን የክቦቹን ፊት እርቃኑን እንተወዋለን። ከማኅተም ይልቅ የልብ ወይም የኮከብ ቅርጽ የሚበሳ መብሻ መጠቀም ደግሞ የበለጠ ያስተማምናል፤ ተራ ማኅተም የትም ተቀርጾ ይገኛል። መብሻ ከመረጣችሁ ላሚኔቱ በሁለቱም ፊት ቢሆን ችግር የለውም፣ ክቦቹ ግን ከካርዱ ጠርዝ አጠገብ መሆን አለባቸው፤ የመብሻው አፍ ወደ መሀል አይደርስም።

ተከታታይ ቁጥር ያስፈልጋል፣ እንደ ደረሰኝ ጥራዝ። ከ001 ጀምሮ ይታተማል፤ እናንተ ደብተር ላይ ቁጥሩን፣ የተሰጠበትን ቀንና የደንበኛዋን ስም ትጽፋላችሁ። ከደብተሩ ውጪ የሆነ ካርድ ይዛ የመጣች ካለች ጥያቄው ቶሎ ይፈታል። መብሻው በሳሎኑ ባለቤት ወይም በካሸሯ እጅ ይሁን፣ ሠሪዎቹ ጋ አይቀመጥ። ነፃው አገልግሎት በካሽ ሬጅስተር እንዴት እንደሚመዘገብ ደግሞ ከመጀመራችሁ በፊት ከሂሳብ ሠራተኛችሁ ጋር ተነጋገሩ፤ ቅናሽ ሰጥታችሁ ሙሉ ዋጋ የሚያሳይ ደረሰኝ ብትቆርጡ ላላገኛችሁት ገንዘብ ነው ግብር የሚታሰብባችሁ።

ደብተሩ ሌላም ጥቅም አለው፤ ምናልባት ከካርዱም ይበልጣል። በፀጉር ሥራ ደንበኛ የምትከተለው ሠሪዋን ነው። ጎበዟ ሠራተኛ ሁለት መንገድ አልፎ ሌላ ቤት ስትቀጠር ስልኳ ላይ ያሉትን ሰዎች ይዛ ትሄዳለች፤ ሳሎኑ ጋ የቀረ አድራሻ ከሌለ ማንን እንዳጣ እንኳ አያውቅም። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማት ምክንያት ከፒያሳና ከካዛንቺስ ወደ ሌላ ሰፈር የተዛወሩ ቤቶችም ችግራቸው ተመሳሳይ ነበር፦ አዲሱን ቦታ ለማን ይንገሩ? ስም፣ ስልክና የምትሠራው አገልግሎት ይበቃል። ስትጽፉ ግን ፈቃዷን ጠይቁ፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፣ ከአዋጁም በፊት ቢሆን ሳትጠየቅ በየሳምንቱ መልእክት የሚላክላት ሰው መሰላቸቷ አይቀርም።

የጊዜ ገደብ ጻፉበት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባው ሻምፑ፣ ሪላክሰርና ሂውማን ሄር ዋጋው ምን ያህል እንደሄደ ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም። ገደብ የሌለው ካርድ ማለት ከሁለት ዓመት በኋላ በማታውቁት ዋጋ የምትከፍሉት ዕዳ ነው። ለፔስትራ 6 ወር፣ ለሹሩባ 1 ዓመት ምክንያታዊ ነው። ስጦታውን በብር ሳይሆን በአገልግሎቱ ስም ጻፉት፤ «የ100 ብር ቅናሽ» የሚለው በዓመቱ ለደንበኛዋ ምንም ላይሆን ይችላል፣ «ቅንድብ» ግን ቅንድብ ነው። ማቆም ከፈለጋችሁ አንድ ወር ቀድማችሁ በመስታወቱ ላይ ለጥፉ፣ የሞላ ካርድ ይዛ የመጣችውንም አክብሩ።

ትዕዛዝ ስትልኩልን የሳሎኑን ስም አጻጻፍ፣ ስልክ፣ የክብ ብዛት፣ ስጦታው ምን እንደሆነ፣ የትኞቹ ቀናት እንደሚቀሩና የጊዜ ገደቡን በአንድ የቴሌግራም መልእክት ጻፉልን። ለመጀመሪያ ጊዜ 100 ወይም 150 ካርድ በዲጂታል አሳትሙ። 1,000 ሲሆን በኦፍሴት (ለብዙ ቅጂ በሚሆነው ማተሚያ) የአንዱ ዋጋ ይቀንሳል፤ ይሁንና ደንቡን በሦስተኛው ወር መቀየራችሁ ስለማይቀር ርካሹ ካርድ ይጣላል። ናሙናውን ካያችሁና ስልክ ቁጥሩን አሃዝ በአሃዝ ካረጋገጣችሁ በኋላ ነው ማሽን ላይ የምናወጣው።

ከሠላምታ ጋር፣
ማተሚያ ቤታችሁ